አሜሪካ አንድ የኢሚግሬሽን ዳኛ ስትጨምር ስንት ታወጣለች

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ኮርት (ስደተኛው ይባረር ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው) ኮርት ይባል እንጂ እንደሌሎቹ የፌደራል ፍርድ ቤቶች ራሱን የቻለ አይደለም፣ የጀስቲስ ዲፓርትመንት (የፍትህ ሚኒስቴሩ) አንዱ ክፍል ነው፣ ዳኞቹን የሚሾመውም ጠቅላይ አቃቤ ህጉ ነው፣ የዕድሜ ልክ ሹመት ምናምን የለም። ኮርቶቹን የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ኢኦአይአር ይባላል፣ የተቋቋመው በ1983 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዋና ቢሮው ፎልስ ቸርች ቨርጂኒያ ሊዝበርግ ፓይክ ላይ ነው፣ እዛ ሰፈር እንጀራና በርበሬ ሊገዛ የሚመላለስ ሀበሻ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ነው በህንፃው የሚያልፈው።

ወጪ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያየው የዳኛውን ደሞዝ ነው። ደሞዙ አሪፍ ነው፣ በ2025 ከ160 ሺህ ዶላር ገደማ ተነስቶ እስከ 207 ሺህ ይደርስ ነበር። ግን እሱ የጠቅላላው ወጪ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ዳኛ ብቻውን ቁጭ ብሎ ኬዝ አይሰማም፣ ፋይል የሚያደራጅና ቀጠሮ የሚይዝ ሰው አለ፣ ህግ አገላብጦ ውሳኔ የሚያረቅለት ጀማሪ ሎየር አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያይ አለ፣ በር ላይ የሚፈትሽ ጥበቃ አለ፣ ከዛ ደግሞ የችሎቱ ኪራይ። በዲሲ ዙሪያ ብቻ እንኳን በቅርብ ዓመታት አናንዴል፣ ስተርሊንግና ሃያትስቪል ላይ ኮርት ተከፍቷል። ለዛ ነው በጀት ሲጠየቅ ዳኛ ሳይሆን "የዳኛ ቲም" ተብሎ የሚጠየቀው። ለ2018 በጀት ዓመት 75 ቲም ለመጨመር 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር የተጠየቀው፣ ለ450 የስራ መደብ፣ ማለትም አንድ ዳኛ አምስት ሰው አስከትሎ ይመጣል፣ ሂሳቡም ለአንዱ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል።

ይሄ እንግዲህ የኮርቱ ብቻ ነው። በየችሎቱ ማዶ ተቀምጦ የሚከራከረው የመንግስት ጠበቃ የአይስ (ሰው የሚይዘው፣ የሚያስረውና የሚያባርረው የኢሚግሬሽን ፖሊስ መስሪያ ቤት) ሰራተኛ ነው፣ በጀቱም በሌላ መስሪያ ቤት በኩል ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዳኛ ጨምረህ እሱን ካልጨመርክ ችሎቱ ይጎድላል። ውሳኔ ሲበዛ ይግባኝ ይበዛል፣ ይግባኝ ሰሚው ቦርድም ከሱ በላይ ያሉት የፌደራል ፍርድ ቤቶችም ይጨናነቃሉ።

የኛን ሰው በቀጥታ የሚነካው የአስተርጓሚው ነገር ነው። ሎየር የመያዝ መብት አለህ ግን መንግስት አይከፍልልህም፣ ህጉ በግልጽ ያስቀመጠው ነው። ችሎት ውስጥ ላለው አስተርጓሚ ግን ከፋዩ መንግስት ነው። ለስፓኒሽ ቋሚ ተቀጣሪ አስተርጓሚ ያላቸው ኮርቶች አሉ፣ አማርኛ ትግርኛ ኦሮምኛ በአብዛኛው በኮንትራት ነው። አስተርጓሚው ካልመጣ ወይ ካልተግባባችሁ ቀጠሮው ይዛወራል፣ የዳኛው የዛን ቀን ደሞዝ ግን አይዛወርም።

ገንዘቡ ቢፈቀድም ቅጥሩ ራሱ ይጓተታል። የኮንግረስ ኦዲት መስሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2011 እስከ 2016 አንድ ዳኛ ለመቅጠር በአማካይ 742 ቀን ይፈጅ ነበር፣ ሁለት ዓመት አለፈ ማለት ነው። በኋላ ፈጠን ብሎ ዳኞቹ በ2017 ከነበሩበት 338 በ2023 ወደ 734 ደረሱ፣ ከእጥፍ በላይ። ታዲያ ሰልፉ አጠረ? እንዴት ብሎ፣ በ2019 1 ሚሊዮን ያለፈው የተከማቸ ኬዝ በ2023 መጨረሻ 3 ሚሊዮን አለፈ። አንድ ዳኛ በዓመት 700 ኬዝ እንዲጨርስ በ2018 ኮታ ወጥቶ ነበር (በ2021 ተሰርዟል)፣ በዛ ኮታ ቢሄዱ እንኳን 734 ዳኛ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው የሚጨርሰው፣ በ2023 ብቻ ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ አዲስ ኬዝ ገባ። የኮንግረስ የጥናት ክፍል በዛው ዓመት እንዳሰላው ክምችቱን እስከ 2032 ለማጽዳት ሌላ 700 ዳኛ ያስፈልግ ነበር።

ውድ ነው? እንደምታወዳድርበት ነው። በ2024 የኢኦአይአር ሙሉ በጀት 844 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ የአይስ ግን 9 ቢሊዮን ገደማ። አንድ ሰው ታስሮ ሲውል በቀን 150 ዶላር አካባቢ ይወጣበታል፣ ዳኛ አጥቶ ወራት ሲቆይ አስቡት። ያዥው በዝቶ ፈራጁ ካነሰ ሰልፍ እንደሚረዝም ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፣ በኔ አስተያየት ችግሩ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ የት እንደሚፈስ ነው።

በጁላይ 2025 የወጣው ትልቁ የታክስና የበጀት ህግ ለአይስ 75 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲመድብ የዳኞችን ቁጥር ከኖቬምበር 2028 ጀምሮ ከ800 እንዳይበልጥ ገደበው። ድሮ በነፃ የነበረው የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻ 100 ዶላር ሆነ፣ ኬዙ ሳያልቅ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ዓመት ሌላ 100 ዶላር፣ እንግዲህ ሰልፉን ያረዘመው ሌላ፣ ከፋዩ ተሰላፊው። በዛው ዓመት ከ100 በላይ ዳኞች ተባረው ወይም ለቀው ወጡ፣ ሰልጥነው የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ በምትካቸው ደግሞ እስከ 600 የሚደርሱ የጦር ሀይል ሎየሮች ለጊዜው ዳኛ ሆነው እንዲሰሩ ተፈቀደ፣ በየ179 ቀኑ የሚታደስ ምደባ፣ አንድ የአሳይለም ኬዝ ዓመታት በሚፈጅበት ኮርት።