«ኮፒ ፔስት አድርጌ ይዤዋለሁ» እና ሌሎች ስለ አሮጌ ዲስክ የምንሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው አንድ ወዳጄ ፌስታል ሙሉ ፍሎፒ ይዞ ቢሮ መጣ። አባቱ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ ቁም ሳጥን ሲያጸዳ ነው የተገኘው። ቆጠርነው፣ 23። አብዛኛው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ ላይ ግን በትልቁ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። «የዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያ ገዝቻለሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ከፍቼ ጽሑፉን ላፕቶፔ ላይ ኮፒ አደርግና ፍሎፒውን እጥለዋለሁ» አለኝ። ኧረ በእናትህ ቆይ! አልኩት።

እኔ የምሰራው ቤተ መዛግብት ነው፣ የኔ ድርሻ ደግሞ ከመጀመሪያውም ኮምፒውተር ላይ የተጻፉ፣ አብዛኞቹ ወረቀት ሆነው የማያውቁ ሰነዶች ናቸው። ይሄን የምንሰራው ፖሊስ በሚጠቀምበት የፎረንሲክ መሳሪያ ነው ስል ሰው ይስቃል። እና የዛን ቀን ከሱ ጋር የተጨቃጨቅነውን፣ ሌላም ጊዜ ከሰው የምሰማውን እዚህ ላስቀምጠው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

«ዲጂታል አርካይቭ ማለት ስካን ማድረግ ነው»

አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የገዳማትና የአድባራት ብራና በማይክሮፊልም ሲነሳ ፊልሙ ቢበላሽ እንኳን ብራናው ዕቃ ቤቱ ውስጥ አለ፣ ተመልሶ ይነሳል። ፍሎፒ ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ከጀርባው የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም፣ ፋይሉ ራሱ ነው ብራናው። እሱን ስትነካካው ኦርጅናሉን እየነካካህ ነው።

«ከፍቼ ባየው ምን ይሆናል? ኮፒ ባደርገውስ?»

ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። እናንተ ያያችሁት መክፈት ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ዝም ብሎ አያይም። ዊንዶውስ ፍላሽ ወይ ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን የሚባል ፎልደር ሊፈጥርበት ይችላል፣ ማክ ደግሞ የራሱን ድብቅ ፋይሎች ይበትንበታል፣ ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን ወደ ዛሬ ሊቀየር ይችላል። ወርድ ውስጥ ከፍታችሁ በልማድ ሴቭ ካላችሁማ በቃ፣ የሰውየው የመጨረሻ ቀን ጠፍቶ የእናንተ ገባ። ኮፒ ስታደርጉም የሚመጣው የሚታየው ፋይል ብቻ ነው፣ ዲሊት የተደረገው፣ በፋይሎች መሀል ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ፣ ዲስኩ የተደራጀበት መንገድ፣ ሁሉም እዛው ይቀራል። (በቴሌግራም ፎቶ የሚላላኩት ደግሞ አሉ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ውስጡ የነበረውን የካሜራና የቀን መረጃም ያወልቀዋል። የግድ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት።)

ትክክለኛው አካሄድ የዲስኩን ኢሜጅ ማንሳት ነው። ኢሜጅ ሲባል ፎቶ አይደለም፣ ከመጀመሪያዋ ባይት እስከ መጨረሻዋ ያለውን፣ ባዶውንም ሙሉውንም፣ እንዳለ አንድ ፋይል ውስጥ መገልበጥ ነው። ለምሳሌ ተራዋ 1.44 ሜጋ የምንላት ፍሎፒ ሁለት ገጽ አላት፣ በየገጹ 80 ትራክ፣ በየትራኩ 18 ሴክተር፣ በየሴክተሩ 512 ባይት። አባዙት፣ 1,474,560 ባይት ይመጣል። ኢሜጃችሁ ልክ ያን ያህል ካልሆነ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ዲስኩ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ብቻ ብትኖርም ቁጥሩ ያው ነው።

ከዛ በፊት ግን መጻፍን መከልከል አለ። ለሃርድ ዲስክ ራይት ብሎከር የሚባል ዕቃ አለ፣ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መሀል ይገባና «አንብብ» የሚለውን ትዕዛዝ ያሳልፋል፣ «ጻፍ» የሚለውን ይመልሳል። ዘበኛ በሉት። ለባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ደግሞ ነጻ ዘበኛ አለ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ተንሸራታች ፕላስቲክ። ቀዳዳዋ ተከፍቶ ብርሃን ካሳለፈ ተቆልፏል። የወዳጄን 23ቱንም መጀመሪያ ያደረግነው ይሄንን ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ፎረንሲክ የወንጀል መርማሪ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን»

እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ግን አስቡት፣ መርማሪው ፍርድ ቤት ቆሞ «ይህን ማስረጃ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ማንም አልነካካውም» ማለት አለበት፣ የመዛግብት ባለሙያም ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ያንኑ ነው መማል ያለበት። ለዛም ነው በ2011 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂልና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቢትኩሬተር የሚባለውን ፕሮጀክት የጀመሩት፣ የመርማሪዎቹን ነጻ ሶፍትዌሮች ሰብስበው ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት እንዲመች አድርገው አንድ ላይ አሰናዱት።

የምወደው ምሳሌ የአንዲ ዋርሆል ነው። ሰውየው በ1985 ኮሞዶር ኩባንያ አሚጋ ኮምፒውተሩን ሲያስተዋውቅ በሱ ላይ ስዕል ሰርቶ ነበር፣ ዲስኮቹ ፒትስበርግ ያለው ሙዚየሙ ውስጥ ዓመታት ተቀመጡ። በ2014 ነው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ያወጧቸው ስዕሎች ይፋ የሆኑት። የአሚጋ ፍሎፒ በተራ የዩኤስቢ ማንበቢያ አይነበብም፣ ስለዚህ ክራዮፍላክስ በሚባል ዕቃ ማግኔቱ ላይ ያለውን ምልክት እንዳለ ገለበጡት፣ ፋይሎቹም የታወቀ ፕሮግራም የማይከፍታቸው ዓይነት ስለነበሩ አወቃቀራቸውን ራሳቸው ፈቱት። እንግዲህ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶት «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ይደረግ?» ሲለው «አዎ» ብሎ ቢሆንስ?

«ዲሊት ከተደረገ ጠፍቷል» ... «ፎረንሲክ ካለ ሁሉም ይመለሳል»

ሁለቱንም ከአንድ ሰው አፍ በአንድ ቀን ሰምቻለሁ። ፍሎፒና አሮጌ ፍላሽ የሚጠቀሙበት ፋት የሚባለው አደረጃጀት ላይ ዲሊት ስትሉ የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ባይት በ229 ይተካል፣ ፋይሉ ይዞት የነበረው ቦታ «ነጻ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፣ ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ቁጭ ብሎ አለ። ለዛ ነው የተመለሰ ፋይል ስሙ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ፊደሉ ጎድሎ የሚመጣው። የሙዚቃ ቴአትር ጸሐፊው ጆናታን ላርሰን በ1996 ካረፈ በኋላ ዲስኮቹ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ፣ አጥኚው ዳግ ሪሳይድ ፋይሎቹን ሲመረምር ላርሰን የሰረዛቸውን ግጥሞች እዛው ፋይሉ ውስጥ አገኛቸው፣ የዛን ጊዜው ወርድ ቶሎ ሴቭ ለማድረግ ሲል የተሰረዘውን ሳያወጣ ለውጡን ብቻ መጨረሻ ላይ ይጨምር ስለነበር።

ኤስኤስዲ ላይ (የአሁን ላፕቶፖች ውስጥ ያለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ግን ይሄን አትጠብቁ። እዛ ዲሊት ሲደረግ ሲስተሙ ትሪም የሚባል ትዕዛዝ ይልካል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ቦታውን ያጸዳዋል። ዛሬ የምንጠቀምበት ላፕቶፕ ከአባቶቻችን ፍሎፒ ይልቅ ቶሎ ይረሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ይመለሳል ማለት ይመለስ ማለት አይደለም። ሰውየው የሰረዘው ደብዳቤ፣ የሀኪም ወረቀት፣ የባንክ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በልክ ኤክስትራክተር የሚባል ዲስኩን ሙሉ አስሶ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የካርድ ቁጥር የሚለቅም ፕሮግራም አለ፣ እኛ የምንጠቀምበት የግል መረጃ አውቀን እንድንሸፍን ነው። (ስልክ ፈላጊው በአሜሪካ አጻጻፍ የተቃኘ ስለሆነ በ09 የሚጀምረውን ሁሉ ይይዛል ብላችሁ አትመኑት፣ የራሳችሁን አጻጻፍ ጨምሩበት።) ወዳጄን ገና ዲስኩ ሳይነካ ያስፈረምኩት ወረቀት ላይ የተሰረዘ ነገር ቢገኝ ማን ያየዋል የሚል መስመር አለ። ትንሽ ቅር አለው፣ ኋላ ግን እናቱ ናቸው «እንደሱ ይሻላል» ያሉት።

«ሃሽ አለው፣ ስለዚህ ኦርጅናል ነው»

ሃሽ የፋይሉ አሻራ ነው፣ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ግን የሚነግራችሁ አሻራው ከተወሰደ ወዲህ አለመነካቱን ብቻ ነው። ከዛ በፊት ማን ምን እንዳደረገው አያውቅም፣ የተበላሸ ፋይልም ሃሽ አለው። ስለዚህ ኢሜጁ በተነሳባት ደቂቃ ውሰዱት፣ በየጊዜው አወዳድሩት። ሃሽ የሚወሰድባቸው ዘዴዎች የተለያዩ ናቸው፤ ኤምዲ5 የሚባለው የቆየው በድንገት የመጣ ብልሽት ለመያዝ አሁንም ይሰራል፣ ሆን ብሎ ለሚያጭበረብር ሰው ግን አይመልስም፣ ሻ-256 የሚባለውን ተጠቀሙና ተገላገሉ።

«ፋይሉ ከተገለበጠ በቃ፣ ይነበባል»

ይሄ ለአማርኛ ሲሆን አያያዙ ሌላ ነው፣ የፈረንጁ መመሪያም ብዙም አያነሳውም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደንብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዛ በፊት፣ ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ቅርጽ በሚለጥፉ ሶፍትዌሮች ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ ከሌለ የምታዩት ጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ጉድ ነው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱ አቀማመጥ አለው፣ የአንዱ «ሀ» የሌላው «ጨ» ነው። የባሰው ምን መሰላችሁ፣ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ የኛ ፊደል ግን 33 በ7 ብቻ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም፣ ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ሁለትና ሦስት ፎንት ላይ ከፋፈሉት። እንዲህ ያለውን ፋይል «ለጥንቃቄ» ብላችሁ ወደ ተራ ቴክስት ቀይራችሁ ካስቀመጣችሁት የትኛው ፊደል የትኛው ፎንት እንደነበር የሚነግረው መረጃ ይጠፋል፣ ያኔ በግምት ነው የምትፈቱት።

ወዳጄ ጋ የሆነው ይሄ ነው። ጽሑፎቹ ኢሜጁ ውስጥ በሙሉ ጤንነት አሉ፣ ስንከፍታቸው ግን ጉድ። ሁለት ቀን የፎንት ዓይነት ስንሞክር ከረምን። ከዛ «እንዳይጠፋ» የሚለው ዲስክ ተራው ደረሰ፣ ወዳጄ ቀድሞ «እሱ ምንም ጽሑፍ የለበትም፣ የሆነ ፕሮግራም ነው፣ ተወው» ብሎኝ ነበር። ፎንቶቹ ናቸው። አባትየው አውቀው ነው ያስቀመጡት።

ፍለጋም ላይ ተመሳሳይ ችግር አለ። ብዙዎቹ መሳሪያዎች ዲስክ ውስጥ ጽሑፍ ሲያስሱ ነባሪ አሰራራቸው የእንግሊዝኛ ፊደል መፈለግ ነው። ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ «ሰላም» 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ተብሎ በ9 ባይት ይቀመጣል፣ ስትሪንግስ የሚባለው የለመድነው ትዕዛዝ እንዲሁ ሲሰራ ይሄን እንደ ጽሑፍ አያየውም፣ ዘሎት ያልፋል። እናንተም «አማርኛ የለበትም» ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ሲያገኘውም ቢሆን «ፀሐይ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ጸሀይ» ያለውን አያመጣም፣ የሀ፣ የሰ፣ የአና የጸ ቤተሰብ በሙሉ ተዘርዝሮ መግባት አለበት። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

«ቀኑ ፋይሉ ላይ አለ፣ ምን ያከራክራል»

የኮምፒውተሩን ሰዓት የምትይዘው ባትሪ ከሞተች ብዙ አሮጌ ማሽን ወደ ጥር 1 ቀን 1980 ይመለሳል፣ ከወዳጄ ፋይሎች 11ዱ እንደዛ ናቸው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚሰራ ቢሮም አጋጥሞኛል፣ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ያዛነፈ። ቀኑን መዝግቡት፣ አታርሙት፣ ጥርጣሬያችሁን ከጎኑ ጻፉ።

«ይሄ ሁሉ ውድ ነው፣ ለሀብታም ተቋም ነው»

ራይት ብሎከር በእርግጥ በመቶዎች ዶላር ነው። ኢሜጅ የምናነሳባቸውና የምንመረምርባቸው ሶፍትዌሮች፣ ቢትኩሬተር፣ ጋይማጀር፣ ኦቶፕሲ ግን ነጻ ናቸው፣ ኤፍቲኬ ኢሜጀርም በነጻ ይወርዳል፣ ለፍሎፒ ክምር አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ሁሉንም ነገርም ኢሜጅ አታድርጉ፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ 40 ጊጋ ፎቶ ብቻ ካለ ጥሬ ኢሜጁ ያው 1 ቴራ ነው፣ የተጨመቀ ዓይነት ምረጡ ወይ ፋይሎቹን ብቻ ከነሃሻቸው ውሰዱ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ከ23ቱ 17ቱ ንጹህ ተነበቡ፣ 4ቱ ላይ የተወሰኑ ሴክተሮች አልመጡም፣ የትኞቹ እንደሆኑ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለቱ ሻጋታ ይዟቸዋል፣ ማንበቢያ ውስጥ ብከታቸው ጭንቅላቱ ይፍቃቸዋል፣ ስለዚህ አልነካኋቸውም። በወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከእርጥበት ርቀው፣ የሚያጸዳ ሰው እስካገኝ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ወዳጄ በየሳምንቱ ይደውላል።