«ዝም አይነቅዝም» ላቦራቶሪ ውስጥ አይሠራም

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን፣ ትልቅ የሳይንስ ኩባንያ የተቀጠረ ልጅ «አቦ፣ እዚያ እኮ ሁሉም ነገር በማስረጃ ነው» አለኝ። ደስታውን ማበላሸት አልፈለግኩም። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ አለቆቻችን የሚባለውን ላስተካክል።

«ሳይንስ ባለበት ማስረጃ ያሸንፋል»

ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር መንኮራኩር ልትመጥቅ ዋዜማ ላይ፣ የሮኬቱ አምራች መሐንዲሶች ብርዱ የጎማ ማሸጊያዎቹን አጠንክሮ በደንብ እንዳይዘጉ እንደሚያደርግ አስጠንቅቀው ነበር። ኃላፊዎቻቸው ምክሩን ሽረው «ትሂድ» አሉ። 7 ሰዎች ሞቱ። መረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የአለቃ ሆነ።

«ስህተት የማይሰማበት ክፍል ጥሩ ክፍል ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አንድ ግንቦት የላቦራቶሪያችን ኤሲ ተበላሸ። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። የግድግዳው ቴርሞሜትር 35 ይላል። የያዝነው ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (ፈሳሽ በትክክል የሚለካበት የመስታወት ዕቃ) ላይ ደግሞ «20 ዲግሪ» ተብሎ ታትሟል። ትክክል የሚለካው በዚያ ሙቀት ነው። ውሃ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለሻይ ምንም አይደለም፤ ለጥራት ምርመራ ግን ብዙ ነው። አዲስ የገባች ልጅ ይህንኑ ለኃላፊያችን ነገረችው። «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» አላት። ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በወሩ ሪፖርት ላይ የስህተት ዓምዱ ባዶ ሆነ፤ ተመሰገንን።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን ሆስፒታሎችን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት የነርስ ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት አስመዝግበው አገኘች። የሚሳሳቱት በዝቶ አይደለም። ለመናገር ስለማይፈሩ ነው።

«ጎበዝ ኬሚስት ጎበዝ አለቃ ይወጣዋል»

ሁለቱ የተለያየ ሙያ ናቸው። ያ ኃላፊያችን በኬሚስትሪ የሚስተካከለው አልነበረም።

«ቅሬታ ያቀረበ ይባረራል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሕጉ ግን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ቅሬታ ማቅረብ ለማባረር በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። በቃል የተባለ ነገር ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተለካውን ቁጥር፣ የተመለሰላችሁን መልስ ጻፉና ያዙ።

የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ነገሩ ይከብደዋል። ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ግን «ለሥራው አትመጥንም» ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አፍ መክፈት ያለበት ነባሩ ነው። ያኔ ያቺ ልጅ ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ነበር። ነባሩ እኔ ነበርኩ።