አጭር አኒሜሽንና ራሱን የቻለ የፊልም ሥራ በሰሜን ሸዋ

አጭር አኒሜሽን በእጅ የተሣሉ፣ ከወረቀት የተቆረጡ፣ ከጭቃ ወይም ከጨርቅ የተሠሩ፣ አለዚያም በኮምፒውተር የተዘጋጁ ምስሎች አንድ በአንድ ከተቀረጹ በኋላ በፍጥነት ተከታትለው ሲታዩ ነፍስ የዘሩ መስለው የሚንቀሳቀሱበት የፊልም ዓይነት ነው። የኦስካርን ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝር ጨምሮ ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ሁሉ አጭር ፊልም ብሎ ይመድበዋል፤ አብዛኛው አጭር አኒሜሽን ግን ከዚያ እጅግ ያጠረ ነው። ራሱን የቻለ የፊልም ሥራ የሚባለው ደግሞ ከትልልቅ ስቱዲዮዎችና ከአከፋፋዮች ገንዘብና ትእዛዝ ውጪ፣ ፊልም ሠሪው ሐሳቡንም ወጪውንም ራሱ ተሸክሞ የሚሠራበት መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ተዋናዩም የካሜራ ኪራዩም ሲኒማ ቤቱም በዋና ከተማዋ ስለተከማቸ፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ ወይም በሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ባለሙሉ ርዝመት ፊልም መሥራት ከባድ ነው። አኒሜሽን ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ አብልጦ የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በስሌት ማየት ይቻላል። በሲኒማ አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ይይዛል። አኒሜተሮች አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም የማቆየት ልማድ ስላላቸው ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለሦስት ደቂቃ ደግሞ 2,160 ሥዕል ያስፈልጋል። በቀን 20 ሥዕል የሚጨርስ ሰው የሦስት ደቂቃ ፊልም ለመጨረስ 108 የሥራ ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከአንድ ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል።

የዘርፉ ታሪክ ከጅምሩ የብቸኛ ሠራተኞች ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ፊልሙን የሠራው 700 ያህል ሥዕሎችን በእጁ ሥሎ ነው። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ከጥቁር ካርቶን በመቀስ የቆረጠቻቸውን ምስሎች ከሥሩ መብራት በተደረገበት መስተዋት ላይ እያንቀሳቀሰች ከላይ በካሜራ ቀረጸች፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችው ረጅም የጥላ ምስል ፊልም ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። በካናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በተቋቋመው ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ውስጥ፣ ኖርማን ማክላረን ያለ ካሜራ በቀጥታ በፊልሙ ጥቅልል ላይ እየሣለ ይሠራ ነበር። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን ግን የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን ነው። ሙያው መካኒክነት ነበር፤ በኋላ ካናዳ ሄዶ ከማክላረን ጋር ተገናኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1966ም አንድ የእንቁራሪት ፕሬዚዳንት ለጉብኝት ጎረቤት አገር ሲሄድ የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን አወጣ። በአፍሪካ አኒሜሽን ታሪክ ፈር ቀዳጅ የሚባለው እርሱ ነው። ተረት ውስጥ ያደገ ተመልካች በእንስሳ አንደበት ሹመኛን መናገር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ የእኛም ጅብ፣ ጦጣና አንበሳ ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

በሥዕል ሳይሆን ሰዎች በሚተውኑበት ፊልም ረገድ የአገራችን ትልቁ ምሳሌ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡትን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው ለሕዝብ አሳይተውታል። ፊልሙን ሠርቶ ከመጨረስ ባልተናነሰ ወደ ተመልካች ማድረስም የፊልም ሠሪው ሥራ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሰሜን ሸዋ በሥዕል ለመተረክ እንግዳ አይደለችም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት አንኮበር ነው። ከዚያም በፊት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን የቅዱሳንን ገድል በተከታታይ ሥዕል በግድግዳ ላይ ያሳዩ ነበር፤ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክም ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፍሎ ይሣላል። ዛሬ ስቶሪቦርድ የሚባለው የፊልም ንድፍ የሚሠራበት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ድርጊት ይይዛል፣ ዓይንም ከአንዱ ወደ ሌላው በቅደም ተከተል ይሄዳል። ሥዕል የሚማር ልጅ የስቶሪቦርድን ሀሁ በአቅራቢያው ካለ ቤተ ክርስቲያን ሊማር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ጥሩ ሥራ ያላየ ሰው ጥሩ ሥራ መሥራት ይቸግረዋልና አጫጭር ፊልሞችን ፈልጎ ማግኘት የሙያው ግማሽ ነው። በቀደመው ጊዜ በከተሞቻችን ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቀጥሎ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሚሞሪ ማስጫን መጣ፤ አሁን ደግሞ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ይበዛሉ። ሦስቱም መንገዶች በብዛት የሚያመጡት ረጅሙንና ዝነኛውን ሲሆን አጭሩና ያልተለመደው ግን ካልተፈለገ አይመጣም። የካናዳው ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ብዙ ሥራዎቹን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። በፓሪስ የሚገኘው ጎብላን ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን አጫጭር ፊልሞች በዩቲዩብ ይለቃል። ብሌንደር የተባለው፣ በነፃ የሚገኘው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ባለቤቶች ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጫጭር ፊልሞችን ከነሥራ ፋይሎቻቸው ለሕዝብ ሲያወጡ ቆይተዋል፤ ተማሪው የተጠናቀቀውን ፊልም ካየ በኋላ ውስጡን ከፍቶ ገጸ ባሕርዩ እንዲንቀሳቀስ አጥንትና መገጣጠሚያ እንዴት እንደተበጀለትና መብራቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ይችላል። በዚሁ ሶፍትዌር የተሠራ አንድ የላትቪያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 የረጅም አኒሜሽን ኦስካር ማሸነፉ መሣሪያው ለጀማሪ ብቻ አለመሆኑን አስመስክሯል።

ያገኙትን ፊልም ደጋግሞ ማየት ይገባል። አንድ ጊዜ ለታሪኩ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ለእንቅስቃሴው፣ አንድ ጊዜም ዓይንን ጨፍኖ ለድምፁ ቢታይ ጥሩ ነው። በኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብን አቁሞ የነጥቧን ቁልፍ መጫን ፊልሙን በአንድ ፍሬም ወደፊት ያራምዳል፤ በአንዲት እርምጃ ውስጥ ስንት ሥዕል እንዳለ የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ አካባቢው የራሱ ጸጋና የራሱ ፈተና አለው። የመንዝ በግ ጸጉር በርኖስና ባና እንደሚሆን ሁሉ በሽቦ አጥንት ላይ ተጠቅልሎ የስቶፕ ሞሽን፣ ማለትም በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ የሚያነሱት አሻንጉሊት ሊሆን ይችላል። ጣት በነካው ቁጥር ጸጉሩ ቦታ ስለሚቀይር በፊልሙ ላይ ይርገበገባል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፣ እኔ ግን ቁሱ ራሱ የሚተነፍስበት ውበት ነው እላለሁ። ብርሃን ግን ምሕረት የለውም። በጣርማ በር ጉሙ በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ ስለሚሄድ፣ በመስኮት ብርሃን የተቀረጸ ትዕይንት ሲታይ ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ዘግቶ፣ በአንድ አምፖል ብቻ እየሠሩ ስልኩን ወይም ካሜራውን እንዳይነቃነቅ አጥብቆ ማሰር፣ የስልኩንም የብርሃንና የትኩረት ማስተካከያ መቆለፍ ነው። መብራት ከጠፋ ትዕይንቱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ከማናቸውም ውድ ዕቃ አስቀድሞ መገዛት አለበት። ለድምፅ ደግሞ ወፍራም ሱፍ ማሚቶ ስለሚውጥ፣ ተራኪው ባና በተንጠለጠለበት ጥግ ተቀምጦ ቢቀዳ ጥሩ ድምፅ ይገኛል።

ርዕሰ ጉዳይ የሚፈልግ ሰው በመንዝ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር ያስብ። የመንዝ ሕዝብ የጓሳውን ሣር ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ለአጨዳና ለግጦሽ እየከፈተ ጠብቆታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያው ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን የሚያደርገው አካሄድ፣ ጆሮው፣ አቀማመጡና ዝላዩ ለአኒሜተር የተሟላ የእንቅስቃሴ ትምህርት ነው።

የተጠናቀቀ ፊልም ወደ ውጭ ፌስቲቫሎች ሊላክ ይችላል። በፈረንሳይ አንሲ ከተማ የሚካሄደው የአኒሜሽን ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1960፣ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ ደግሞ በ1969 ጀምረዋል። አንዳንድ ፌስቲቫሎች የመመዝገቢያ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቁ፣ ክፍያ የማይጠይቁትን አስቀድሞ መለየት ድካም ይቀንሳል። በአማርኛ የተሠራ ፊልም የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ የጽሑፍ ትርጉም ከሥሩ ሊኖረው ይገባል። የድምፅና የሙዚቃ መብትም አይዘነጋ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪውም የከዋኙም መብት ስለሚጠበቅ፣ ማሲንቆ የመታው ባለሙያና ተረቱን በድምፁ የተረከው ሰው ሥራቸው በፊልሙ እንዲገባ የሰጡት ፈቃድ ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ መያዝ አለበት።