ልጄ ቦርሳ ውስጥ ያገኘሁት ወረቀት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች፣ ጥያቄው ስለበዛ በአጭሩ ልመልስ። ቴምብር የምታክለው ወረቀት ኤልኤስዲ (የሌለ ነገር የሚያሳይ አደንዛዥ ዕፅ) የተነከረባት ልትሆን ትችላለች፣ በዓይን አይለይም። ኤልኤስዲ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው መልእክት አድራሽ ኬሚካል የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝና ዓይንና ጆሮ የሚያመጡትን መልእክት ያዛባዋል። ለምሳሌ ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ልጅ የቆመው ዛፍ ሲተነፍስ ሊያይ ይችላል። ስሜቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆያል። እንደ አልኮል ሰውነትን ሱስ አያስይዝም፣ ይህ የተረጋገጠ ነው (ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም!)። ከሰው ሰው የሚለያየው ስሜቱ ነው፤ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው በፍርሃት ይርዳል፣ በቤተሰቡ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ልጁ አሁን በዚያ ስሜት ውስጥ ካለ ጩኸትና ዱላ ያባብስበታል። ጸጥ ያለ ቦታ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ራሱን ሊጎዳ ከሞከረ ግን ቀጥታ ሆስፒታል።