ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የእጅ ሕክምና፦ ከደሴ የተነሳ ዳሰሳ

ደሴ ብርዳም ናት። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። 37 የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላው ለተወለደ ሕፃን ይህ ብርድ ቀልድ አይደለም። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ትሞቃለች፤ ነገሩ ሲከብድ ግን እናትና ልጅ ዳገቱን ወጥተው ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገባሉ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ እንደገና ቀና ያለ፣ የወሎ መመኪያ ነው።

ሕፃን በቅቤ ማሸት ለወሎ እናቶች ከአያት የወረደ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ማሸት በምርምር ስሙ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ነው። ተመራማሪዋ ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቻቸው በቀን 3 ጊዜ ለ15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን የታሹት ካልታሹት 47 በመቶ የበለጠ ክብደት በየቀኑ ጨመሩ ሲሉ ጻፉ።

ታዲያ ፕላሴቦ፣ ማለትም ከሕክምናው ሳይሆን ከተስፋ የሚመጣ መሻል፣ እዚህ ከየት ይመጣል? ጨቅላው «ይሻለኛል» ብሎ ተስፋ አያደርግም። ተስፋው ያለው ዙሪያውን ካሉት ዘንድ ነው። ልጄ ታሸልኝ ያለች እናት ጡቷን ደጋግማ ልትሰጠው ትችላለች። ነርሷ ሚዛኑን ስታነብ እጇ ወደ ላይ ሊያደላ ይችላል። «ከሆስፒታል ይውጣ» ብሎ የሚወስነው ሐኪምም ያው ተስፋ የሚያደርግ ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ ፍተሻ የሚጋርደው አዋቂዎቹን ነው። ማሸቱ ከመጋረጃ ጀርባ ይሆናል። በንጽጽሩ ወገን ያለው ሕፃን ላይ እጅ ለዚያው ያህል ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ያርፋል። የሚመዝነው ሰው የትኛው እንደታሸ አይነገረውም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ማሸት የሚጨምረውን ክብደት በቀን 5.1 ግራም ብሎ አስልቶታል። የረጠበ ዳይፐር እንኳ ከዚህ ይበልጣል! ገምጋሚዎቹም በጥናቶቹ አሠራር ላይ ጠንካራ ጥርጣሬ አድሮባቸዋል። እጅን ዝም ብሎ ማሳረፍ ብቻውን ይጠቅማል የሚል ማስረጃም አላገኙም።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ከዚህ ይለያል። ኮፍያ ያጠለቀው ሕፃን ራቁት ደረቱ ከእናቱ ደረት ጋር ይገጥማል፣ በነጠላ ይታሰራል፣ ጋቢ ይደረብበታል። ይህን በመጋረጃ መደበቅ አይቻልም። ግን በአምስት አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት የቆጠረው ሞትን ነው፤ ሞት ደግሞ እንደ ሚዛን ንባብ ለተስፋ አያደላም። ወዲያው እንደተወለዱ ከታቀፉት 12 በመቶ፣ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት 15.7 በመቶ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል።