«የእንጨት ማንኪያውን ወሰደ»፦ የአነጋገሩ ትርጉምና አመጣጥ

እንግሊዞች አንድ ቡድን በውድድር የመጨረሻውን ደረጃ ሲይዝ «የእንጨት ማንኪያውን ወሰደ» ይላሉ። በስድስቱ አገሮች የራግቢ ውድድር ጭራ የሆነው ቡድን በየዓመቱ ይህ ስም ይለጠፍበታል፤ በእጁ የሚሰጠው ማንኪያ ግን የለም። በአማርኛ አቻ ፈልግ ብባል፣ ልጆች ሆነን ካርድ በምንቀበልበት ቀን የምንባባላትን «ከኋላ አንደኛ» እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው አነጋገሩን «ሰነፍ»፣ «የወደቀ» ብሎ ይፈታዋል። ይህ ፍቺ ልክ አይመስለኝም። አነጋገሩ የወጣው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ፈተና ደግሞ የእንጨት ማንኪያ የሚደርሰው ላለፈ ተማሪ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አብዛኛው ተማሪ ተራ ዲግሪ ይዞ ይወጣ ነበር። በማዕረግ ለመመረቅ የፈለገ «ትራይፖስ» የሚባለውን ከባድ ፈተና ይቀመጣል። ያለፉት በሦስት ክፍል ይመደባሉ፦ ከላይ «ራንግለር»፣ ቀጥሎ «ሲኒየር ኦፕቲሜ»፣ ከታች «ጁኒየር ኦፕቲሜ»። በየክፍሉም ውስጥ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ይዘረዘራሉ። ማንኪያው የሚደርሰው ከጁኒየር ኦፕቲሜዎቹ ለመጨረሻው ነው። የወደቀ ተማሪ ስሙ ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፤ ተራ ዲግሪ የመረጠውም እንደዚሁ።

ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ምን ያህል ልፋት እንደነበረ ለመረዳት የተማሪውን ሳምንት ማየት ይበቃል። ጸሎት ቤት መገኘት ግዴታ ነው፤ ራትም በኮሌጁ አዳራሽ ከሌሎቹ ጋር ነው። ትምህርቱን በዋናነት የሚያስይዘው ግን ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለው የግል አስጠኚ ነበር። ከአስጠኚዎቹ ስመ ጥሩ ኤድዋርድ ራውዝ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ በየሳምንቱ ደጋግሞ ያገኛቸዋል፤ የሳምንቱን ከባድ ጥያቄዎች ይሰጣቸዋል፤ እርስ በርስም ያወዳድራቸዋል። ከእሱ እጅ ከ25 በላይ አንደኞች ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ይዘጋና በእግር መንሸራሸር ወይም በካም ወንዝ ላይ ጀልባ መቅዘፍ ይመጣል። አእምሮ እንዳይዝል ሰውነት መሥራት አለበት ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር።

ራውዝ ራሱ በ1854 አንደኛ ሲወጣ፣ ሁለተኛ የሆነው የኤሌክትሮማግኔት ሕግጋትን ያቆመው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነበር። የዚያ ዓመት ፈተና ስምንት ቀን የፈጀ ነው፦ 16 ወረቀት፣ 211 ጥያቄ፣ በድምሩ 44 ሰዓት ተኩል። አንደኛ የወጣው ተማሪ ራሱ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹን ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። እዚህ ፈተና ውስጥ ገብቶ በመጨረሻው መስመር ላይ ስሙን ያስጻፈን ሰው «ሰነፍ» ለማለት እኔ አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ጓደኞቹ ግን ከመቀለድ አይመለሱም። በምረቃው ዕለት ባለ ተራው ዲግሪውን ለመቀበል በሴኔት ሃውስ አዳራሽ ከምክትል ቻንስለሩ ፊት ሲንበረከክ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ተማሪዎች ማንኪያውን በገመድ አስረው ወደ ራሱ ያወርዱለታል። አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ይናጋል። ማንኪያው ወጥ ማማሰያ የሚያህል እንዳይመስላችሁ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር። ቀልዱ ክፉ ይመስላል፤ ማንኪያውን ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣ ባለ ተራ ግን ነበር።

የመጨረሻው ማንኪያ የወረደው በ1909 ነው። ከዚያ በኋላ ስሞች በየክፍላቸው በፊደል ተራ መውጣት ስለ ጀመሩ፣ መጨረሻ የወጣው ማን እንደሆነ በይፋ የሚታወቅበት መንገድ ቀረ። ባለ ዕጣው የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጁ ካትበርት ሆልትሃውስ ነበር። ጀልባ ቀዛፊ ስለነበረ ማንኪያው የተሠራለት ከመቅዘፊያ ነው። በላዩም ላይ በግሪክኛ ግጥም ተጽፎበታል፤ ይህ የመጨረሻው ማንኪያ ነውና ያየኸው ሁሉ እንባ አፍስስለት ይላል።