ማዙትን በእንፋሎት ማንደድ፦ ቀደምት የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃዎች

በእንፋሎት የሚረጭ የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃ የሚባለው ወፍራም ጥቁር ዘይትን በእንፋሎት ግፊት በትኖ፣ እንደ ጉም አድቅቆና ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥል ምድጃ ነው። የዚህ ሙያ መነሻ 1860ዎቹ ናቸው፤ ያደገውና የጎለመሰው ደግሞ በካስፒያን ባሕር ዳርቻና በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ፋብሪካዎች ቦይለር የሚያነዱ ሠራተኞች «ጥቁር ናፍጣ» ወይም «ፈርነስ» የሚሉት ነዳጅ የዚያው ዘር ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲታወጅም «ቀላል ጥቁር ናፍጣ» እና «ከባድ ጥቁር ናፍጣ» እየተባለ ለብቻው ይዘረዘራል።

ዳሰሳው ወደ ሩሲያ የባቡር መስመሮች ያዘነብላል። ሥራውን ከምድጃው ጡብ አንስቶ እስከ ቫልቭ አከፋፈት ድረስ በዝርዝር ጽፈው ያስቀሩት የእነዚያ መስመሮች መሐንዲሶች ናቸውና።

ነዳጁ

የባኩ (በካስፒያን ዳር ያለች፣ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር የነበረች ከተማ) ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው የመብራት ላምባ ከሲሶ አይበልጥም ነበር። ከአሜሪካው የፔንሲልቬንያ ድፍድፍ ግን አብዛኛው ላምባ ይሆናል። ስለዚህ በባኩ ማጣሪያዎች ከላምባው ይልቅ ቀሪው ይበዛል። ሩሲያውያን ይህን ቀሪ «ኦስታትኪ» ይሉታል፤ ትርጉሙም «የተረፈ» ማለት ነው። በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀበት ስም «ማዙት» ሲሆን፣ የቃሉ ምንጭ ዐረብኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ያከራክራል። መጀመሪያ ላይ ገዢ ስላልነበረው ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠል ወይም ወደ ባሕር ይፈስ ነበር። በባኩ ዙሪያ ደን የለም፤ የድንጋይ ከሰልም ከሩቅ ካልመጣ አይገኝም። ማገዶ ያጣ አገር በእጁ ያለውን ጥቁር ዝቃጭ ማንደድ መማሩ አያስገርምም።

የኬሚስትሪ ሊቁ ድሚትሪ ሜንዴሌየቭ ድፍድፍን እንዳለ ማቃጠልን አጥብቆ ተቃውሟል። ምድጃን በብር ኖት ማንደድም ይቻላል ሲል ተናግሯል። ላምባው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ማዙት ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ የመሐንዲሱን የሹኮቭን መርጫ (ዘይቱን በእንፋሎት የሚበትን ዕቃ፤ ኋላ እንመለስበታለን) ማድነቁም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

አንድ ኪሎ ማዙት ሲነድ 10,000 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ጥሩ የድንጋይ ከሰል 7,000 አካባቢ ነው። ማዙት አመድ የለውም ማለት ይቻላል፣ አካፋም አይፈልግም። ችግሩ አየር ላይ ነው። አንዱን ኪሎ በሙሉ ለማቃጠል ቢያንስ 14 ኪሎ አየር ያስፈልጋል፤ በተግባር ከዚህም ይበልጣል። ደግሞም የሚነደው ዘይቱ ሳይሆን ከዘይቱ የሚወጣው ተን ነው። ላምባ በኩራዝ ክር ላይ ወጥቶ ስለሚተን በቀላሉ ይነዳል፤ ማዙት ግን ክር አይወጣም፣ ሳይሞቅም አይተንም። መፍትሔው የተን መውጫ ገጹን ማስፋት ነው። ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ጠብታ 0.1 ሚሊሜትር ወደሆኑ ጠብታዎች ቢበተን አንድ ሚሊዮን ጠብታ ይወጣዋል፤ አየር የሚነካው ገጽ ደግሞ መቶ እጥፍ ይሆናል። የእንፋሎቱ ሥራ ይኸው ነው።

ከመርጫው በፊት

የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች መርጫ አልነበራቸውም። በባኩ ዘይቱን ጠፍጣፋ የብረት ገበታ ላይ አፍስሶ መለኮስ የተለመደ ነበር። ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው፤ ገበታው ላይም ጠንካራ የካርቦን ድድር ይጋገራል። የኖቤል ወንድማማቾች ድርጅት ይህን አሻሽሎ ገንዳዎችን እንደ ደረጃ አንዱን ከሌላው በላይ ደረደረ፤ ዘይቱ ከላይኛው ሞልቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ አየሩም በገንዳዎቹ መካከል ይሳባል። ያለ እንፋሎት የሚሠራ በመሆኑ ለብረት ማቅለጫ ተስማሚ ነበር። በፈረንሳይ ኬሚስቱ ሴንት ክሌር ዴቪል በ1860ዎቹ መጨረሻ ዘይትን በቆሙ ባለቦይ የፍርግርግ ብረቶች ላይ እያንጠባጠበ በባቡርና በጀልባ ላይ ሞክሯል። ሁለቱም ዘዴዎች የሚሠሩት ጭነቱ ካልተለዋወጠ ብቻ ነው። ባቡር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት አለበት።

መርጫው

ዘይትን በእንፋሎት ለመርጨት ቀዳሚው ማን ነው የሚለው አልተዘጋም። እንግሊዞች በ1860ዎቹ አጋማሽ የሠራውን ኤይደንን ይጠራሉ። የሩሲያ ጸሐፊዎች ደግሞ በ1866 መርጫውን የሠራውን አሌክሳንደር ሽፓኮቭስኪን ያስቀድማሉ። ሁለቱም ሐሳቡን ለየብቻ ያገኙት ይመስላል፤ ሐሳቡን የዕለት ተዕለት ሥራ ያደረገው ግን የካስፒያኑ ወገን መሆኑ አያጠያይቅም። በ1870ዎቹ የካስፒያን የእንፋሎት መርከቦች በሌንዝ መርጫ በስፋት ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ የብራንት መጣ። ቭላዲሚር ሹኮቭ (1853–1939) በ1880 ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ የራሱን አወጣ። የሹኮቭ መርጫ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ቱቦ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሊጠብና ሊሰፋ ይችላል። ማንኛውም የመንደር ቀጥቃጭ ሊጠግነው የሚችል ቀላል ዕቃ ነበር፤ የተስፋፋውም በዚህ ነው።

መርጫዎቹ በቅርጽ ሁለት ወገን ናቸው። ክቡ ዓይነት ሾጣጣ ነበልባል ይሰጣል፤ ለረጅምና ጠባብ ምድጃ ይሆናል። ስንጥቅ አፍ ያለው ዓይነት ዘይቱን ከላይ፣ እንፋሎቱን ከታች በጠፍጣፋ አፍ ያወጣል፤ ዘይቱ በእንፋሎቱ ምላስ ላይ ሲወድቅ ተበትኖ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነበልባል ይሆናል። ይህኛው ለሰፊና አጭር የእሳት ሳጥን ይመቻል። አፉ ሰፊ ስለሆነም ቆሻሻ ቶሎ አይደፍነውም።

የግሪያዚ–ጻሪጺን መስመር

ይህ መስመር ከግሪያዚ ተነሥቶ በቦሪሶግሌብስክ በኩል በቮልጋ ዳር ወዳለችው ጻሪጺን (የዛሬዋ ቮልጎግራድ) ይወርዳል። የባቡር ክፍሉ ኃላፊ ቶማስ ኧርካርት በ1870ዎቹ አጋማሽ ሙከራ ጀመረ፤ መጀመሪያ ብዙም አልተሳካለትም። በ1882 መርጫውን አስተካከለ፤ በ1885 ደግሞ የመስመሩ 143 ባቡሮች በሙሉ በማዙት ይሄዱ ነበር። በዓለም ላይ በዚህ ስፋት ከከሰል ወደ ዘይት የዞረ የመጀመሪያው መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኧርካርት መርጫ እንፋሎቱ በመካከለኛው ቱቦ ይመጣል፣ ዘይቱ በዙሪያው ባለው ቀለበት ይፈስሳል፣ አየርም ከውጭ ተስቦ አብሮ ይገባል። ነጂው መዘውር ሲያዞር የመሐሉ ቱቦ ወደፊትና ወደኋላ ይሄድና የዘይቱን ቀለበት ያጠባል ወይም ያሰፋል። ይሁንና የሥራው ፍሬ መርጫው ሳይሆን ጡቡ ነው። በከሰል ምድጃ ውስጥ መርጫ ብቻ ሰክተው ያቆሙ ሁሉ ጭስ እንጂ እሳት አላገኙም። ኧርካርት የከሰሉን ፍርግርግ አወጣ፤ የእሳት ሳጥኑን ታችኛ ክፍል እሳት በማይበግረው ጡብ ገነባ፤ ነበልባሉ ከብረቱ ግድግዳ ጋር ሳይገናኝ በፊት የሚዞርበት የጡብ ክፍልና ቅስት ሠራ፤ አየሩንም በጋሉት ጡቦች መካከል አሳለፈ። ጡቡ ሦስት ሥራ አለው፦ ያልነደደውን ጠብታ አግሎ ያተንናል፣ ነበልባሉ ቢቆራረጥ መልሶ ያቀጣጥላል፣ ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጡቡ ሳይቀላ ጭነት መጨመር የጀማሪ ስህተት ነው።

አቀጣጠሉ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን መሳት አደጋ ያመጣል። የቀዘቀዘ ባቡር የራሱ እንፋሎት ስለሌለው ከሌላ ባቡር ወይም ከጋራዡ ቦይለር በቧንቧ ይበደራል። ይህ ካልተገኘ እንጨት ነድዶ ግፊት እስኪነሣ ይጠበቃል። በመጀመሪያ የአመድ ሳጥኑ በር ይከፈታል፤ የጭስ ማውጫው ነፊ ተከፍቶ በምድጃው የተጠራቀመውን ተን ጠርጎ ያወጣል። ቀጥሎ በመርጫው ውስጥ እንፋሎት ብቻውን ይለቀቃል፤ በቧንቧው የተኛው ውሃ ተፍቶ አልቆ ደረቅ እንፋሎት እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተለኩሶ በመርጫው አፍ ፊት ይጣላል። እንፋሎቱ በጥቂቱ ይከፈታል፤ ዘይቱ ከእንፋሎቱ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይከፈትም። ሲዘጋ በተቃራኒው ነው፦ ዘይቱ ቀድሞ፣ እንፋሎቱ ተከትሎ። ዘይት ቀድሞ ከተከፈተ በጋለው ጡብ ላይ ፈስሶ ይተንና ምድጃውን ይሞላል፤ እሳት ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ የምድጃውን በር ገንጥሎ ነጂውን ሊያቃጥል ይችላል። የዛሬ ቦይለር ከመቀጣጠሉ በፊት ፋኑ ብቻውን እየነፋ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በእጅ ይሠራ የነበረውን አሁን መቆጣጠሪያው ይሠራዋል።

በጉዞ ላይ እሳት አንዳጁ ዓይኑ ከጭስ ማውጫው አይነሣም። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ ወይም ዘይት በዛ ማለት ነው። ምንም ጭስ ሳይታይ ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ አየሩ በዝቶ ምድጃውን እያቀዘቀዘው ነው። ትክክለኛው እሳት በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ስስ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ያሳያል። ነጂው የእንፋሎት መክፈቻውን ሊዘጋ ሲል እሳት አንዳጁ ቀድሞ ዘይቱን መቀነስ አለበት፤ የአየሩ ስበት የሚመጣው ከሞተሩ በሚወጣው እንፋሎት ነውና። በጣቢያ ሲቆም የአየር በሩ ይዘጋል፤ አለዚያ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ትኩሱ ጭስ የሚያልፍባቸውን የቦይለሩን ቱቦዎች ያኮማትርና መገጣጠሚያቸው ማንጠብጠብ ይጀምራል።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነው። ማዙት ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል፣ በቧንቧም አልወርድ ይላል። ስለዚህ በዘይት ጋኑ ውስጥ የእንፋሎት ጥምዝ ቱቦ ይዘረጋል። የዘይት መውጫው ከጋኑ ወለል ከፍ ይላል፤ ውሃና ዝቃጭ ከታች ስለሚተኙ። ከወለሉ ላይ ለብቻው ማፍሰሻ ይደረጋል፤ በመሙያው አፍ የሽቦ ወንፊት ይገባል።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

በዘይቱ ውስጥ ውሃ ካለ ነበልባሉ ይንተከተካል፣ ይጠፋል፣ ከዚያም ከጡቡ ግለት የተነሣ «ጧ» ብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ ጋኑን አሳርፎ ከታች ማፍሰስ ነው። ነበልባሉ አንድ ጊዜ ሲጠፋ ዘይቱን ወዲያው መዝጋት ይገባል፤ ጡቡ ራሱ እንዲያቀጣጥለው መጠበቅ የለመደ አንዳጅ አንድ ቀን ይጎዳል።

ጡቡ ላይ ካርቦን ከተጋገረ ነበልባሉ ሳይነድ ጡቡን እየመታ ነው፦ መርጫው አቅጣጫ ስቷል፣ ዘይቱ አልሞቀም ወይም እንፋሎቱ እርጥብ ነው። ድድሩ እያደገ ሲሄድ ነበልባሉን ወደ ብረቱ ግድግዳ ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ ብረቱ በአንድ ቦታ ይግላል፣ ያብጣል፣ ማሰሪያ ችንካሮቹም ይላላሉ። ብዙዎች «ዘይት ቦይለር ይበላል» ያሉት ይህን አይተው ነው፤ ቦይለሩን የሚበላው ግን የተሳሳተ ነበልባል ነው።

ጥቀርሻም ሙቀት አያሳልፍም። በአሜሪካ የዘይት ባቡሮች እሳት አንዳጁ ባቡሩ ከብዶ ሲጎትት አንድ አካፋ ደረቅ አሸዋ በምድጃው በር ይይዛል፤ ኃይለኛው ስበት አሸዋውን በቱቦዎቹ ውስጥ ነድቶ ጥቀርሻውን ይፍቀዋል።

ሌሎች አገሮች፣ ባሕሩም

በእንግሊዝ የግሬት ኢስተርን ባቡር መሐንዲስ ጄምስ ሆልደን መነሻው ነዳጅ ፍለጋ አልነበረም። የባቡር መብራት ጋዝ ከሚሠራበት ቦታ የሚተርፈው ቅጥራን የት እንደሚደፋ ጠፍቶ ነበር። በስስ የከሰል እሳት ላይ ዘይት በእንፋሎት የሚረጭ ዘዴ አወጣ፤ በ1893 «ፔትሮሊያ» የተባለችው ባቡር በዚሁ ዘዴ ሄደች። ቅጥራኑ ሲወደድ ወደ ከሰል ብቻ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ከሩሲያው ሙሉ የጡብ ምድጃ የሚለየው ጥቅሙ ነው። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ፣ በተለይ በ1901 ስፒንድልቶፕ ላይ ዘይት ከፈነዳ ወዲህ፣ ባቡሮች በብዛት ወደ ዘይት ዞሩ።

በባሕር ላይ የእንፋሎት መርጫ አንድ ጉድለት አለው። ከቦይለሩ እንፋሎት ከመቶ 2 እስከ 5 የሚሆነውን ይወስዳል፤ ይህ እንፋሎት ከጭሱ ጋር ይወጣል እንጂ ውሃ ሆኖ አይመለስም። በየብስ ላይ ውሃ ከወንዝ ይቀዳል፤ ውቅያኖስ ላይ ግን ጨዋማውን አጣርቶ መተካት ግድ ነው። ካስፒያን ላይ ጉዞው አጭር በመሆኑ ጉድለቱ ብዙም አልተሰማም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1902 «ሃኒባል» በተባለች የጦር መርከብ ላይ ሲሞክር መርከቧ በጥቁር ጭስ ተሸፈነች። ጥፋቱ የነዳጁ ሳይሆን የአየር አሰጣጡ ነበር። በ1904 «ስፓይትፉል» ሙሉ በሙሉ በዘይት ስትሞከር ነገሩ ተስተካክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የጦር መርከቦች ዘይቱን አሙቀው በፓምፕ ግፊት ብቻ በቀጭን ቀዳዳ ወደ መርጨት ሄዱ። የእንፋሎት መርጫው ውሃ ባልቸገረበትና ነዳጁ ወፍራምና ቆሻሻ በሆነበት ቦታ፣ በማጣሪያ ምድጃዎችና በትላልቅ የየብስ ቦይለሮች ላይ ጸንቶ ቀረ። በፓምፕ ለመርጨት ዘይቱ በትክክለኛው ሙቀት ላይ መገኘት አለበት፤ የእንፋሎቱ መርጫ ግን ጥቂት ቢወፍርም ይታገሠዋል።